አምቡላንሱ እስኪደርስ ማን አለ?

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። ለበጎ ሥራ የተሰባሰብን ወዳጆች ነን። ከዋናው መንገድ ርቀው፣ ተበታትነው በሰፈሩ መንደሮች ለሚኖሩ ሰዎች የጤና አገልግሎት ማድረስ እንፈልጋለን። በቅርባቸው ጤና ጣቢያ የለም። ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ሆስፒታል በመኪና 3 ሰዓት ያስኬዳል። እናቶች በወሊድ፣ ሕፃናት በተቅማጥና በሳምባ ምች፣ ወጣቶች በመኪና አደጋ ይሞታሉ። አምቡላንስ ለመግዛት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረናል። ከመካከላችን ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ይሻላል የሚሉም አሉ። እርስዎ ከየት ጀምሩ ይሉናል?»

ምላሽ፦ ወደ ገደለው ልግባ። አምቡላንሱን ለጊዜው አትግዙት። ተንቀሳቃሽ ክሊኒኩንም አቆዩት። ገንዘባችሁ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያው መንደር ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው። የሠለጠነ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ቦርሳው ባዶ የማይሆን ሰው። መኪናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ድንገተኛ ሕክምና ሙያዬ ነው፤ አሳንሼ አላየውም። ግን ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ የምቀበላቸው ሰዎች መትረፍ አለመትረፋቸው በአብዛኛው የሚወሰነው መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አምቡላንሱ ሆስፒታሉ ግቢ ቆሟል እንበል። ሌሊት ስልክ ተደወለ። መኪናው መንደሩ እስኪደርስ 3 ሰዓት። ታማሚዋን ጭኖ እስኪመለስ ሌላ 3 ሰዓት። በድምሩ 6 ሰዓት። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ የሚፈስ ደም ካልቆመ ደግሞ ጤነኛ የነበረችን እናት በ2 ሰዓት ገደማ ሊገድላት ይችላል። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ነገር ከዚህም ይብሳል። ደረቱን የሚጫንለትና ልቡን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳለት ከሌለ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል።

መኪናውን መንደር ውስጥ ብናቆመውስ ትሉ ይሆናል። ያኔ ጉዞው በግማሽ ያጥራል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ግን መንደሮቹ የተበታተኑ ናቸው ብላችኋል። የትኛው ጋ ይቁም? ሌሊት ሹፌሩን ማን ይተካዋል? ጎማ ሲፈነዳ ማን ይገዛል? በስጦታ መጥተው ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሠሩ የቆሙ፣ ጎማቸው ሥር ሣር የበቀለባቸው አምቡላንሶች በብዙ አገር አሉ። መኪና የሚገዛ ለጋሽ አይጠፋም። ነዳጅና መለዋወጫ ሲባል ግን ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያጠኑ መዘግየቱን በሦስት ከፍለው አስቀመጡት። ጽሑፉ በ1994 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የወጣ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው መዘግየት እቤት ውስጥ ነው፤ ይህ የሚያሠጋ ነው፣ እንሂድ ብሎ የመወሰን መዘግየት። ሁለተኛው የመንገድ ነው። ሦስተኛው ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር ያለው ነው። ክፍፍሉ የተሠራው ለእናቶች ቢሆንም ለሕፃንም፣ ለመኪና አደጋም፣ ለእባብ ንክሻም ይሠራል። አምቡላንስ የሚነካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ቤተሰቡ «እስኪነጋ እንጠብቅ» ብሎ 5 ሰዓት ካባከነ፣ ሆስፒታሉ ደርሶ ደግሞ ደም ከሌለ፣ መሀሉ ላይ ያለው ፈጣን መኪና ብቻውን ምን ያደርጋል?

አንድ ጥናት በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ለእናንተ ሁኔታ ከዚህ የቀረበ አላውቅም። በሰሜን ኢራቅና በካምቦዲያ፣ ፈንጂ በተቀበረባቸው ገጠሮች፣ ሃንስ ሁሱም የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሥርዓት ዘረጋ። የ5 ዓመት ሥራ ነው፤ ውጤቱ የታተመው በ2003 ነው። 135 የአካባቢው ተወላጆችን በፓራሜዲክነት፣ ማለትም ታማሚው ሆስፒታል እስኪደርስ በሚያክም ባለሙያነት፣ አሠለጠኑ። ከነሱ በታች ደግሞ 5,200 ተራ የመንደር ሰዎችን የመጀመሪያ ዕርዳታ አስተማሩ። ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም ተማረ። ከጉዳቱ ቦታ እስከ ሆስፒታል ያለው ጉዞ በአማካይ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ነበር፤ ከናንተ ይርቃል። ሥርዓቱ ከመዘርጋቱ በፊት ከተጎዱት ሰዎች 40 በመቶው ይሞቱ ነበር። በጥናቱ ዓመታት ወደ 14.9 በመቶ ወረደ። ሄሊኮፕተር አልመጣም። የተማሩት ደም ማቆም፣ የመተንፈሻ መንገድ መክፈት፣ የተጎዳው ሰው እንዳይበርደው መሸፈን፣ ከዚያም ቶሎ የተሻለ የሠለጠነው ሰው ጋ ማድረስ ነበር።

ቁጥሩን ልብ በሉት። አንድ ፓራሜዲክ ለብዙ አሥር የመንደር ሰዎች። አደጋ ቦታ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ካወቀ ፓራሜዲኩ የሚረከበው በሕይወት ያለ ሰው ይሆናል።

አሁን ወደዚያ የመንደር ሰው ልመለስ። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ እንበለው። ብዙ በጎ አድራጊዎች «መደበኛ የጤና አገልግሎት» እና «ድንገተኛ ምላሽ» ብለው ሁለት ፕሮጀክት፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ሥልጠና ይሠራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ገጠር ውስጥ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ድንገተኛ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን በፊት የጀመረ ነው። የተቅማጥ ሕፃን ዛሬ አፉ ደርቋል፣ ነገ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ከነገ ወዲያ መጠጣት ያቅተዋል። ነፍሰ ጡሯ ራሷን ክፉኛ ያማታል፣ ዓይኗ ብዥ ይልባታል፤ ደም ግፊቷን የለካላት ስለሌለ እያንዘፈዘፋት ስትወድቅ ብቻ «ድንገተኛ» ትባላለች። ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ካለ እነዚህ በቀን ብርሃን፣ በእግር፣ ያለ ሳይረን ይፈታሉ። ደግሞም በየወሩ ቤቷ የሚመጣን ሰው ነው እናት በሌሊት የምትጠራው። የማታውቀውን የስልክ ቁጥር አትደውልም።

የሳምባ ምችን ምሳሌ ላድርግ። አንድ ሠራተኛ የሳምባ ምችን ለመለየት ራጅ አያስፈልገውም፤ ትንፋሽ መቁጠር ይበቃዋል። ግን አቆጣጠሩ ወግ አለው። ሕፃኑ የሚያለቅስ ከሆነ አይቆጠርም፤ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። እናቱ እንዳቀፈችው ልብሱ ከፍ ይደረጋል። ደረቱ ወይም ሆዱ ይታያል። ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል፤ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፣ ምክንያቱም ሕፃናት አንዴ ፈጠን አንዴ ዘገም ይላሉ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ። ሠራተኛው አሞክሲሲሊን ካለው እዚያው ይጀምራል። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ከደከመና አልነቃ ካለ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ አንድም የሚያሠጋ ምልክት ከታየበት ወዲያው ሪፈር ይደረጋል።

ሕንድ ውስጥ ጋድቺሮሊ በሚባል ድሃ አካባቢ አብሃይ ባንግና ራኒ ባንግ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ለዚህ ቆጠራ ቀላል መሣሪያ ሠርተው ነበር። የ1 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓትና በተርታ የተሰኩ ዶቃዎች አሉት። ለያንዳንዱ 10 ትንፋሽ አንድ ዶቃ ይሳባል። ፊደል ያልቆጠሩ አዋላጆች እንኳ አሸዋው ሳያልቅ ዶቃው ካለቀ ሕፃኑ ታሟል ብለው ያውቃሉ። እነዚሁ ሐኪሞች የመንደር ሴቶች አራስ ቤት እየሄዱ ጨቅላ ሕፃናትን እንዲንከባከቡ አሠለጠኑ። በ1999 ባሳተሙት ጥናት መሠረት አገልግሎቱ በደረሳቸው መንደሮች የጨቅላ ሕፃናት ሞት ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ በላይ ቀንሷል።

«ያልተማረ ሰው እንዴት ይህን ሁሉ ይችላል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርባል። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ድንበር ላይ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ አስበጥብጦ ለቤተሰቦች አስታጠቀ፤ አጠጪዎቹ እናትና አባት፣ እህትና ወንድም ነበሩ። ከታማሚዎቹ 30 በመቶ ገደማ ይሞቱ የነበረው ከ4 በመቶ በታች ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ የልማት ድርጅት ይህንኑ ትምህርት ቤት ለቤት ይዞ ወጣ። ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ አስተማሪዎቹ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አዳረሱ። በሦስት ጣት የሚቆነጠር ጨው፣ በእፍኝ የሚዘገን ያልተጣራ ስኳር፣ የተለካ ውሃ። የምወደው ግን የአከፋፈላቸው ዘዴ ነው። አስተማሪዋ ስንት ቤት ገባሽ ተብላ አልነበረም የሚከፈላት። ቆየት ብሎ ሌላ ሰው ከቤቶቹ ጥቂቱን መርጦ ይሄዳል። እናትየዋ ምን ታስታውሳለች? በጥብጣ ታሳያለች? አስተማሪዋ የሚከፈላት በዚያ መጠን ነው። እናንተም ሥልጠና ስትሰጡ «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» የሚል ሪፖርት አትጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳችሁ «እስቲ አሳዩኝ» በሉ። የሚቆጠረው ያ ነው።

ሰው እንዴት ይመረጥ? መንደሩ ይምረጥ። እናንተ ቅጥር ማስታወቂያ አውጥታችሁ ብዙ የተማረውን ብትወስዱ፣ ያ ሰው የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ከተማ ይገባል። አስቀድማችሁ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ የምትመረጠው ሰው የድሃው ድሃ ቤት ትገባለች ወይ? እኔ ሴቶች ቢበዙ እመርጣለሁ፤ ወሊድና ሕፃናት የሥራው እምብርት ስለሆኑ። ሕንድ ጃምኬድ ውስጥ ራጅና ማቤል አሮል የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1970 ሥራ ሲጀምሩ ካሠለጠኗቸው የመንደር ሴቶች ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። በየሳምንቱ ወደ ማዕከሉ እየመጡ ይማሩ ነበር። ትምህርቱ አለማቋረጡ ነው እነዚያን ሴቶች ለሥራው ያበቃቸው።

ስለ ክፍያ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። በጎ ፈቃደኝነት ደስ ይላል። ችግሩ፣ በነፃ ሥሩ የሚባሉት ሁልጊዜ ድሆቹ ሴቶች መሆናቸው ነው። አሠልጣኙ አበል አለው። ሹፌሩ ደመወዝ አለው። ሪፖርት ጸሐፊው ደመወዝ አለው። ሌሊት ተነሥታ ዝናብ ላይ የምትሄደው ሴት ግን የምስክር ወረቀትና ጭብጨባ ይሰጣታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲከፈላቸውና መብትና ግዴታቸውን የሚገልጽ ውል እንዲኖራቸው ይመክራል። ላይቤሪያ ከኢቦላ ወረርሽኝ በኋላ በ2016 ብሔራዊ ፕሮግራም ስትጀምር ከጤና ተቋም ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቁ መንደሮች ሠራተኞችን የመደበችው በክፍያ ነው። ኢትዮጵያም በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቆመው ደመወዝተኛ በሆኑ ሴቶች ላይ ነው።

ከፍላችሁም ሸክም አታብዙባት። አንዲት ሠራተኛ ስንት ቤት ትይዛለች? በብራዚል የቆየው አሠራር አንድ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ቢበዛ 750 ሰው ይዞ በየወሩ እያንዳንዱን ቤት እንዲጎበኝ ነበር። መንደሮቹ ከተራራቁ ከዚያ ያነሰ ይሁን። አሥር ድርጅት አሥር ዓይነት መዝገብ ካሸከማት ሰው የምታይበት ጊዜ አይቀራትም።

ቀጥሎ ቦርሳው። አጠር አድርጌ ልለፈው፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ኦ አር ኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት)፣ ዚንክ፣ አሞክሲሲሊን፣ ወባ ባለበት የወባ መመርመሪያና መድኃኒት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጓንት፣ ፋሻ፣ ደም ማሰሪያ ተርኒኬት፣ የእጅ ባትሪ። አገሩ የሚፈቅድ ከሆነ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል። ምን መስጠት እንደሚፈቀድላት በጽሑፍ ከጤና ቢሮው ፈቃድ ያዙ። አንድ ጊዜ ብቻ ቦርሳው ባዶ ሆኖ እናቶች «እሷ ጋ ምን አለ ብለሽ ነው» ከተባባሉ ያንን አመኔታ መልሶ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት መድኃኒቱ በየወሩ ከየት እንደሚመጣ እወቁ።

ለጎረቤቶች የሚሰጠው የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ደግሞ ጠባብ ይሁን። አንድ ሙሉ መጽሐፍ አታስተምሩ። የሚፈስ ደም ላይ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ አለመልቀቅ። ራሱን ስቶ የሚተነፍስን ሰው በጎኑ ማስተኛት። የማይተነፍስን ሰው ደረት መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እያስገቡ መጫን። የምትወልድ እናት ላይ የሚያሠጉ ምልክቶችን መለየት። የተቃጠለን አካል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ። እባብ የነደፈውን ሰው እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ተሸክሞ መውሰድ። ማድረግ የሌለባቸውንም አስተምሩ፤ የተነደፈውን ቦታ መብጣት፣ መምጠጥ፣ አጥብቆ ማሰር ጉዳት ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ ንግግር ቀንሱ፣ መሬት ላይ ተንበርክከው ይለማመዱ።

መጓጓዣውስ? እዚህ ላይ ነው ገንዘባችሁን የሚቆጥብ ነገር ያለው። እነዚያ መንደሮች አካባቢ የሚሠሩ የጭነት መኪኖች፣ ሚኒባሶች፣ ሞተር ሳይክሎች አይጠፉም። ሹፌሮቹን ፈልጓቸው። በሰሜን ናይጄሪያ የሹፌሮች ማኅበር ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ወደ ጤና ተቋም የሚወስድበት ስምምነት ተደርጎ ነበር። ነዳጁ ይሸፈናል። የሹፌሩ ጥቅም ግን ገንዘብ አልነበረም፤ መናኸሪያ ሲመለስ ከወረፋው ፊት ገብቶ ተሳፋሪ ይጭናል። ያለ በጀት የሚሠራ ማበረታቻ ማለት ይህ ነው። ጋና ውስጥ ደግሞ 335 የንግድ መኪና ሹፌሮች የ6 ሰዓት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስደው፣ ከወራት በኋላ ከተጠየቁት መካከል 61 በመቶው በእውነተኛ አደጋ ላይ ሰው ረድተው ተገኝተዋል። ለመንገድ አደጋ ከነሱ የቀደመ የሚደርስ የለም።

ስምምነቱን በቃል አትተዉት። የትኛው ሹፌር የትኛውን ሌሊት ተረኛ ነው? ስልኩ ካልሠራ ማን ይተካል? ነዳጁን ማን፣ መቼ ይከፍላል? ታማሚው መንገድ ላይ ቢሞት ሹፌሩ ፖሊስ ጣቢያ ይንገላታል ወይ? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ጥያቄ መስሎ ብዙ ሹፌር ያሸሻል። ከፖሊስና ከአካባቢው አስተዳደር ጋር አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ሹፌሮቹ የሚይዙት ደብዳቤ አውጡ። መኪና የማይገባባቸው መንደሮች ካሉም እስከ መንገዱ ድረስ በቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ከነተራቸው ይታወቁ። የመውለጃ ቀኗ የቀረበና መንገዱ የሚያሠጋት እናት ደግሞ አስቀድማ ሆስፒታሉ አጠገብ የምታርፍበት ክፍል ብታዘጋጁላት፣ ከሁሉ ርካሹ «አምቡላንስ» እሱ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው መዘግየት። ሆስፒታሉን አነጋግራችኋል? ጥያቄያችሁ ውስጥ ስሙ እንጂ ሥራው አልተነሣም። ሠራተኛዋ ስትደውል ስልክ የሚያነሣ አንድ የታወቀ ሰው ይኑር። «የወለደች፣ ደም እየፈሰሳት ያለች እናት መጣች» ሲባል ደም የሚያዘጋጅ፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑን የሚጠራ። በሩ ላይ ካርድ ቁረጡ፣ መጀመሪያ ክፈሉ ተብለው የቆሙ ሰዎችን አይቻለሁ። ድሃ ቤተሰብ አንዴ እንዲህ ከተመለሰ ሁለተኛ አይመጣም፤ ጎረቤቱም አይመጣም። ከገንዘባችሁ ጥቂቱን ለዚህ አስቀምጡ፤ ከእናንተ ሠራተኛ በሪፈር የመጣ ታማሚ ሳይከፍል ሕክምናው ይጀመር፣ ሂሳቡን እናንተ በወሩ መጨረሻ ተሳሰቡ። ሆስፒታሉም ታማሚው ምን እንደሆነ ለሠራተኛዋ መልሶ ይንገራት። የላከችው ሕፃን ምን እንደደረሰ የማታውቅ ሠራተኛ ከሥራዋ አትማርም።

ተንቀሳቃሽ ክሊኒኩን በተመለከተ፦ ለክትባት፣ ለዓይን፣ ለእርግዝና ክትትል በቋሚ ቀን የሚመጣ ከሆነ ይጠቅማል። ሰው ግን በቀጠሮ አይታመምም። በወር አንድ ቀን የሚመጣ ሐኪም የቀሩትን 29 ቀናት አይሸፍንም። ሠራተኛዋ ካለች ክሊኒኩ የሚያያቸውን ሰዎች አስቀድማ ትለይለታለች፣ ከሄደም በኋላ መድኃኒታቸውን ትከታተላለች። ከሌለች ሰልፍ ብቻ ነው።

አምቡላንስ ፈጽሞ አትግዙ አላልኩም። አንድ ታሪክ ግን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ታማሚ የሚያመላልሱት የፖሊስ መኪኖችና የቀብር አስፈጻሚዎች መኪኖች ነበሩ። ውስጣቸው ሕክምና የሚባል ነገር አልነበረም። በፒትስበርግ ከተማ ሂል ዲስትሪክት የሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ደግሞ የፖሊስ መኪናው እንኳ እየዘገየ ነበር የሚመጣው። በ1967 ፍሪደም ሃውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ተጀመረ። ዶክተር ፒተር ሳፋር ሥራ አጥ የነበሩ የሠፈሩን ልጆች 300 ሰዓት ያህል አሠለጠነ። ለሥራ አይበቁም የተባሉት ወጣቶች ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች ሆኑ፤ በኋላም በዶክተር ናንሲ ካሮላይን መሪነት የሠሩት ሥራ ለአገር አቀፍ ሥልጠና መሠረት ጣለ። በ1975 ግን ከተማው የራሱን አገልግሎት አቋቁሞ ፍሪደም ሃውስ ተዘጋ። ከተማው የተረከበው ሥራውን ነው፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ተገፉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንድትይዙ እፈልጋለሁ። መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት የዚያው አካባቢ ልጆች ይሁኑ፤ መንገዱን ያውቃሉ፣ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ሰዉም ያምናቸዋል። ሌላው፣ ሥራው አንድ ቀን ወደ መንግሥት መተላለፉ ስለማይቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጤና ቢሮው በምክክሩ ውስጥ ይኑር። ሠራተኞቻችሁ የሚማሩት አገሩ በሚያውቀው ሥርዓተ ትምህርት፣ የሚሞሉት መዝገብም አገሩ በሚጠቀምበት ይሁን። ርክክቡ ሲመጣ እነሱም አብረው እንዲቀጠሩ ዛሬውኑ በውል አስገቡ።

ስለዚህ በተግባር እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ምንም አትግዙ። በእግራችሁ መንደሮቹን ዙሩ። በያንዳንዱ መንደር ስንት ቤት እንዳለ፣ ክረምት ላይ መንገዱ የት ጋ እንደሚቆረጥ፣ የስልክ ኔትወርክ የት ዛፍ ሥር እንደሚገኝ፣ ማን መኪና ወይም ሞተር እንዳለው መዝግቡ። ባለፈው ዓመት ሰው የሞተባቸውን ቤቶች ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፤ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ መቼ ለመሄድ ተወሰነ፣ መኪና መቼ ተገኘ፣ ሆስፒታል መቼ ተደረሰ፣ መቼ ታከመ። በየቤቱ ሰዓቱ የባከነው የት ላይ እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል። ብዙው የባከነው እቤት ከሆነ ገንዘቡ ለሠራተኞች ይሂድ። መንገድ ላይ ከሆነና የሚስማማ ሹፌር በፍጹም ከታጣ፣ ያኔ አምቡላንሱን ግዙት፤ ግን የ3 ዓመት ነዳጅ፣ ጥገናና የሹፌር ደመወዝ ከመግዣው ጋር አብሮ ባንክ ከገባ በኋላ። ሆስፒታሉ በር ላይ ከሆነም ገንዘቡ ወደዚያ ይዙር።

ያንን የሰዓት መዝገብ ስትጨርሱ ላኩልኝ። ስም አትጻፉበት፤ የመንደሩ ርቀትና ሰዓቶቹ ይበቃሉ። አብረን እናየዋለን፤ የሥልጠናውንም ይዘት ከዚያ ተነሥተን እናወጣለን።